ለፈረሱም ለጠቦቱም አንድ መኖ? አይሆንም

ጥያቄው ከወሎ፣ ከደላንታ የመጣ ነው። አሳጥሬ ላስቀምጠው።

«ዘጠኝ ጠቦቶች አሉኝ፤ አራት ወር ሆኗቸዋል። አንድ ባዝራ ከሦስት ወር ውርንጭላዋ ጋር፣ አንድ ሰንጋ ፈረስም አለኝ። ከደሴ ፍሩሽካ በኩንታል አስመጥቼ ከገብስና ከትንሽ ፋጉሎ ጋር እየቀላቀልኩ ለሁሉም ጠዋትና ማታ እሰጣለሁ። ቀን የስንዴ ጭድ ይበላሉ። ጠቦቶቹ ሆዳቸው ትልቅ ነው፣ ግን አያድጉም፤ በሚዛን 12 ኪሎ ገደማ ናቸው። ሁለቱን ያስቀምጣቸዋል። ፈረሱን በውቂያ ሰሞን ሁለት ጊዜ ቁርጠት ያዘው፤ አባቴ ብርድ ነው ብሎ በአፍንጫው ዘይት አጠጣው። ጠቦቶቹን ከሁለት ወር በኋላ ለፋሲካ 25 ኪሎ አድርሼ መሸጥ እፈልጋለሁ። ፍሩሽካውን ልጨምር? በዩሪያ የታከመ ጭድስ ለሁሉም ይሆናል?»

ፍሩሽካውን አትጨምር። በዩሪያ የታከመ ጭድ ለፈረሶቹ አይሰጥም። የ25 ኪሎው እቅድም አይሳካም። 12 ኪሎ የሆነ ጠቦት በሁለት ወር 25 ለመድረስ በቀን ከ200 ግራም በላይ መጨመር አለበት። የወሎ ደጋ በግ በጥሩ አያያዝ በቀን ከ60 እስከ 100 ግራም ከጨመረ ደህና አደገ ይባላል። የዘይቱን ነገር ታች እመለስበታለሁ፤ ፈረሱን ከቁርጠቱ ይልቅ ዘይቱ ሊገድለው ይችል ነበር።

የችግሮችህ ሁሉ ሥር አንድ ነው። ሁሉም ሣር በል ስለሆኑ ሆዳቸውም አንድ ዓይነት መስሎሃል። በግ ያመሰኳል፣ ፈረስ አያመሰኳም። ይህ ልዩነት ቀላል ይመስላል እንጂ ምን ያህል እህል፣ መቼ፣ በምን መልክ መስጠት እንዳለብህ የሚወስነው እሱ ነው።

ለበዓል ጨጓራና ሽንፍላ ያጠበ ሰው የበግ ሆድ ክፍል ክፍል እንዳለው ያውቃል። አራት ክፍል ነው። ትልቁ ጨጓራ ልክ እንደ ቡሃቃ ነው፤ ምግቡ ከመፈጨቱ በፊት እዚያ ይቦካል። ውስጡ ስፍር ቁጥር የሌላቸው ረቂቅ ተህዋስያን ይኖራሉ። ጭዱን የሚሰባብሩት እነሱ ናቸው። ከዚያ ራሳቸው ወደ ታች ወርደው ይፈጫሉ፤ በጉ ከሚያገኘው ፕሮቲን አብዛኛው የእነሱ አካል ነው። ስለዚህ በግ ስትመግብ መጀመሪያ የምትቀልበው እነዚህን ተህዋስያን ነው። እነሱ ከተራቡ በጉ ሆዱን ሞልቶ ይከሳል።

የፈረስ አሠራር ተገላቢጦሽ ነው። ጨጓራው አንድ ነው፣ ያውም ለቁመናው ትንሽ። ትልልቅ በሚባሉት የውጭ ዝርያዎች እንኳ ከ8 እስከ 15 ሊትር ቢይዝ ነው፤ በእኛ ፈረስ ከዚያ ያንሳል። ምግቡ የሚቦካው ከኋላ፣ ከትንሹ አንጀት ቀጥሎ ባለው ትልቅ ከረጢትና በትልቁ አንጀት ውስጥ ነው። ፈረስ ጥቂት ጥቂት እያለ ሙሉ ቀን እንዲግጥ ተደርጎ የተፈጠረ እንስሳ ነው። ሜዳ ላይ ከተለቀቀ በቀን ውስጥ ከ14 እስከ 18 ሰዓት ያህል ይግጣል። ማስመለስ አይችልም። የበላው ካልተስማማው ያለው መውጫ አንድ ብቻ ነው።

አሁን አንድ ባልዲ ገብስ ለሁለቱም ስትሰጥ ምን እንደሚሆን ተመልከት። በበጉ ሆድ ገብሱ በቀጥታ ማቦኪያው ውስጥ ይወድቃል። ከበዛ በሰዓታት ውስጥ አሲድ ይፈጠራል፤ ጭድ የሚሰባብሩት ተህዋስያን ያልቃሉ፤ ጠቦቱ ያስቀምጠዋል፣ መብላት ያቆማል፣ ከባሰ ይሞታል። በፈረሱ ሆድ ደግሞ ትንሹ አንጀት የቻለውን ያህል ይፈጫል። የተረፈው ሳይፈጭ ወደ ኋላ ያልፋል። አሲዱ የሚፈጠረው እዚያ ነው። ውጤቱ ጋዝና ቁርጠት ነው፤ አንዳንዴም ከሁለት ሦስት ቀን በኋላ ኮቴ ውስጥ የሚነሳ ብግነት ይከተላል። እህሉ ያው እህል ነው፤ ጉዳቱ ግን ሌላ ሌላ።

ከጠቦቶቹ ልጀምር። ትልቅ ሆድ ጥጋብ አይደለም። የስንዴ ጭድ ፕሮቲኑ 3 እና 4 ከመቶ ገደማ ነው። በትልቁ ጨጓራ ያሉት ተህዋስያን በደንብ ለመሥራት ቢያንስ 7 ከመቶ ያህል ፕሮቲን ያለው መኖ ይፈልጋሉ። ያን ካላገኙ ጭዱ ቶሎ አይሰባበርም። ቶሎ ስላልተሰባበረ አይወርድም። እዚያው ተቀምጦ ሆዱን ይወጥረዋል፤ ጠቦቱም ቦታ ስለሌለው ሌላ መብላት አይችልም። አንተ ከሩቅ ስታየው የጠገበ ይመስልሃል። እጅህን ወገቡ ላይ አድርገህ ዳብሰው። የጀርባ አጥንቱ እንደ መጋዝ ጥርስ እየቆረቆረ ከተሰማህ ጠቦቱ ከስቷል፤ ሆዱ ምንም ያህል ቢሆን። አጥንቱን ለማግኘት ትንሽ መጫን ካስፈለገህ ደህና ነው።

ትልቅ ሆድ ሌላም ምክንያት አለው፤ የውስጥ ትል። የታችኛውን የዓይን ቆብ ገልብጠህ እይ። ቀይ ሮዝ መሆን ሲገባው ከነጣ ደም የሚመጥ ትል አለ ማለት ነው። ከአገጩ ስር ውሃ የቋጠረ እብጠት ካየህ ደግሞ የጉበት ትልም ሊሆን ይችላል፤ በተለይ ጠቦቶቹ ረግረግ ዳር ከጋጡ። ትል ያለበትን በግ በመኖ አታሳድገውም። የምትሰጠውን ፋጉሎ ትሉ ይካፈልሃል። ስለዚህ መኖውን ከማስተካከልህ በፊት ዘጠኙንም ለወረዳው የእንስሳት ክሊኒክ አሳይ። መድኃኒቱን በኪሎ ልክ ይስጧቸው፤ ሱቅ ገዝቶ በግምት ማጠጣት ትሉን መድኃኒቱን ያለማምደዋል።

ጠቦቶችህ ወደ ኋላ የቀሩት ግን ዛሬ አይደለም። ግልገል ሲወለድ ትልቁ ጨጓራ ገና ስሙ ብቻ ነው። ወተቱ በአንዲት ቦይ አድርጎ ሦስቱን ክፍሎች ዘሎ በቀጥታ ወደ አራተኛው ይገባል። ከሁለተኛው ሳምንት ጀምሮ ግልገሉ ሣር መቀንጠስ ይጀምራል። በስድስትና በስምንት ሳምንቱ መካከል ጨጓራው ሥራውን ይይዛል። ይህ እንዲሆን ሁለት ነገር ያስፈልገዋል። ለስላሳ ድርቆሽ ጨጓራውን ያሰፋዋል፣ ጡንቻም ይሰጠዋል። ትንሽ እህል ደግሞ ሲቦካ የሚወጣው አሲድ የጨጓራውን የውስጥ ግድግዳ ያዳብራል፤ ምግቡን ወደ ደም የሚያስገባው እሱ ነው። ከወተት በቀጥታ ወደ ስንዴ ጭድ የተሸጋገረ ግልገል ሰፊና የማይረባ ከረጢት ይዞ ያድጋል። የአንተዎቹም እንዲህ የሆኑ ይመስለኛል።

ለቀጣዮቹ ግልገሎች ይህን ያዝ። ጽንሱ ከክብደቱ 70 ከመቶ የሚሆነውን የሚያገኘው በእርግዝናዋ የመጨረሻ ስድስት ሳምንት ነው። እናቲቱን ያኔ ካልደገፍካት ግልገሉ ከ2 ኪሎ በታች ይወለዳል፤ እንገሯም ይቀንሳል። እንገሩን በተወለደ በመጀመሪያዎቹ ስድስት ሰዓታት ይጥባ። ከዚያ በኋላ ያለው እንገር በሽታ መከላከያውን እንደ መጀመሪያው ወደ ደሙ አያስገባለትም። ከሁለት ሳምንት በኋላ ትልልቆቹ የማይገቡበት ጠባብ በር ያለው በረት አጥር፤ ውስጡ ለስላሳ ድርቆሽና አንድ እፍኝ ቅልቅል መኖ አስቀምጥ። በሦስት ወር ጡት አስጥል። ይህን ያደረገ ሰው በአራት ወር 12 ኪሎ ላይ አይቆምም።

ወደ ፍሩሽካው። ፍሩሽካ መጥፎ መኖ አይደለም። ፕሮቲኑ 16 ከመቶ አካባቢ ነው፤ በደሴና በኮምቦልቻ ዱቄት ፋብሪካዎች ስላሉ በቅርብ ይገኛል። ግን ብቻውን ሲሆን አንድ ከባድ ጉድለት አለው። ፎስፈረሱ ከካልሲየሙ ስምንትና አስር እጥፍ ይሆናል። እንስሳቱ የሚያስፈልጋቸው የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ካልሲየሙ ከፎስፈረሱ አንድ ተኩል ወይም ሁለት እጥፍ መሆን አለበት። በወንድ ጠቦት ላይ ትርፉ ፎስፈረስ የሽንት ጠጠር ይሆናል። ጠቦቱ ያምጣል፣ ጠብ ጠብ ያደርጋል፣ ሆዱን በእግሩ ይመታል። ቀድሞ የተኮላሸ ከሆነ ደግሞ የሽንት ቧንቧው ጠባብ ስለሚቀር ይብስበታል። ሙክት አደልባለሁ ብሎ ፍሩሽካ ብቻ ሲያበላ ቆይቶ በዓል ሲደርስ የሞተበት ሰው ብዙ ነው። ጎረቤት «ዓይን በላው» ይላል።

በፈረስ ላይ ፎስፈረሱ ሌላ ሥራ ይሠራል። ሰውነቱ ካልሲየም ሲያጣ ከራሱ አጥንት ይበደራል። ጊዜ ሲረዝም የፊቱ አጥንት ያብጣል፣ ጥርሱ ይነቃነቃል፣ ያነክሳል። በድሮ ጊዜ ፈረንጆቹ የወፍጮ ቤት ፈረሶች በሽታ ይሉት ነበር፤ የፍሩሽካ ቀለብ ስለማይለያቸው። እያደገ ላለ ውርንጭላ ደግሞ የበለጠ አደጋ አለው፤ አጥንቱ ገና እየተሠራ ነውና።

ስለዚህ ለጠቦቶቹ ቅልቅሉን እንዲህ አድርገው። ለ10 ኪሎ፦ 6 ኪሎ ፍሩሽካ፣ 3 ኪሎ የኑግ ፋጉሎ፣ የቀረው የገብስ ሽርክት። ከዚያ 100 ግራም ጨውና 200 ግራም ለመኖ የተዘጋጀ የኖራ ድንጋይ ዱቄት። ለግድግዳ የሚቀባው ኖራ አይደለም፤ እሱ አፍና ጉሮሮ ያቃጥላል። ጨው ውሃ ያስጠጣል፣ ውሃ ደግሞ ጠጠሩን ያጥባል፤ ስለዚህ ጨውን አትሰስት። አሞሌ ካለህ በረቱ ውስጥ አንጠልጥለው፣ እየላሱ ይዋሉ። ፋጉሎው የሻገተ ሽታ ካለው አትግዛ፣ ርካሽ ቢሆንም።

መጠኑ ለአንድ ጠቦት በመጨረሻ በቀን 300 ግራም ነው፤ ጠዋት ግማሹ፣ ማታ ግማሹ። ግን ከ50 ግራም ጀምረህ በየሁለት ሦስት ቀኑ 50 እየጨመርክ በሁለት ሳምንት ድረስበት። እስካሁን ቅልቅል ሲበሉ ቆይተዋል ብለህ አትዝለል። ተህዋስያኑ አዲሱን ምግብ ለመልመድ ጊዜ ይፈልጋሉ። የሚያስቀምጣቸውን ሁለቱን ለያቸው። ለሦስት ቀን ቅልቅሉን ከልክለህ ድርቆሽና ንጹሕ ውሃ ብቻ ስጣቸው። ካልቆመ ወይም ደም ካየህ ክሊኒክ።

በጣሳ እየሰፈርክ ከሆነ ተጠንቀቅ። ጣሳ መጠን እንጂ ክብደት አይነግርህም። ፍሩሽካ ቀላል ነው፤ አንድ ጣሳ ገብስ ከሁለት ጣሳ ፍሩሽካ ይከብዳል። አንድ ቀን ሱቅ ሄደህ እያንዳንዱን በጣሳህ አስመዝን፣ ጣሳው ላይ ምልክት አድርግ። መኖ የምታቀርብበት ገበታም ይስፋ። ዘጠኝ ጠቦት በአንድ ጠባብ ገበታ ላይ ካቀረብክ ጉልበተኞቹ ሁለቱ የሦስቱን ይበላሉ። አንድ ጠቦት ቢያንስ 30 ሳንቲ ሜትር ቦታ ይፈልጋል። የሚያስቀምጣቸው ሁለቱ ምናልባት እነዚህ ጉልበተኞች ናቸው፤ እስቲ አስተውል።

ጭዱንም ቀይር። አንተ ያለኸው ደላንታ ነው፤ ምስርና ባቄላ ያለበት አገር። የምስር ገለባና የባቄላ ገለባ ከስንዴ ጭድ በፕሮቲንም በካልሲየምም ይሻላሉ። ሰው የምስሩን ገለባ አውድማ ላይ ትቶ የስንዴውን ጭድ ይከምራል፤ ለምን እንደሆነ አልገባኝም። ለጠቦቶቹ የምስሩን አስቀድም። ለከርሞ ደግሞ አጃና ቬች የሚባለውን የመኖ ተክል ቀላቅለህ በትንሽ ማሳ ዝራ፤ አጥር ዳር ትሪ ሉሰርን የሚባለውን የመኖ ዛፍ ትከል። ደጋውን ይችላሉ።

በዩሪያ የታከመ ጭድ ለእናት በጎችና ለትልልቅ ሙክቶች ጥሩ ነው። ለ100 ኪሎ ጭድ 5 ኪሎ ዩሪያ በ100 ሊትር ውሃ በደንብ አሟሟተህ እየረጨህ ትጠቀጥቃለህ፤ አየር እንዳይገባ በፕላስቲክ ታሽገዋለህ። በቆላ ሦስት ሳምንት ይበቃዋል። ደላንታ ብርድ ስለሆነ አራት ሳምንት ጠብቅ። ከመስጠትህ በፊት ሽታው እንዲበርድ አንድ ቀን አናፍሰው። ዩሪያውን ራሱን ወይም ውሃውን እንስሳ እንዳያገኘው፤ አንድ ጉንጭ በግ ይገድላል። ለሚጠቡ ግልገሎች አይሰጥም፤ ዩሪያውን ወደ ፕሮቲን የሚቀይረው ጨጓራ ገና አልዳበረም። ለፈረስ ደግሞ ጥቅም የለውም። የፈረስ ማቦኪያ ከኋላ ስለሆነ ዩሪያው እዚያ ከመድረሱ በፊት ወደ ደም ይገባል፤ ትርፉ አደጋ ብቻ ነው። ጠቦቶችህ አራት ወር ስለሆናቸው ይችሉታል፣ ግን ከትሉና ከተቅማጡ ሳይድኑ አትጀምር።

አሁን ፈረሱ። አባትህ ብርድ ነው ማለታቸው ሙሉ በሙሉ ስህተት አይደለም። ብርዱ ራሱ አንጀት አይቆርጥም። በውርጭ ጠዋት ግን ፈረስ የቀዘቀዘ ውሃ ትንሽ ብቻ ቀምሶ ይተወዋል። ሆዱ ውስጥ ያለው ደግሞ ደረቅ ጭድ ነው። ውሃ ያጣ ጭድ ትልቁ አንጀት መታጠፊያ ላይ ይቋጠራል፤ ቁርጠት ከዚያ ይነሳል። የአንተ ፈረስ ግን ተጨማሪ ነገር ነበረው፤ ውቂያ። አውድማ ላይ እየዞረ በየዙሩ ያልተፈጨ ገብስ ሲጎርስ ዋለ። ስንት እንደበላ ማንም አልቆጠረም። ላብ አለው፣ ውሃ የለውም፣ ሆዱ እህል ሞልቷል። ማታ ደግሞ «ዛሬ ደክሟል» ተብሎ ተጨማሪ ገብስ ተሰጠው ይሆናል። ሁለት ጊዜ መትረፉ ዕድል ነው።

ለከርሞ ውቂያ ላይ አፉን በአፈሙዝ ሸብበው። ከመጀመርህ በፊት ድርቆሽ ይብላ፤ ባዶ ሆዱን አውድማ ላይ አታውጣው። በየመሃሉ ውሃ አጠጣው። በብርድ ጠዋት ውሃውን ለብ አድርገህ ብትሰጠው ብዙ ይጠጣል። ከሥራ እንደገባ እህል አትስጠው፤ ትንፋሹ ይረፍ፣ ውሃ ይጠጣ፣ ድርቆሽ ይቅመስ፣ እህሉ ከዚያ በኋላ።

ዘይት በአፍንጫ ማጠጣት ይቁም። አባትህ ሐኪም በአፍንጫ ቱቦ ሲያስገባ አይተው ይሆናል። ያ ቱቦ ጨጓራ ድረስ ይዘልቃል፤ ሐኪሙም መድረሱን ሳያረጋግጥ ምንም አያፈስበትም። በጠርሙስ በአፍንጫ የተደፋ ዘይት ግን ወደ ሳንባ ይሄዳል። ከቁርጠቱ ድኖ በሳምንቱ በሳንባ ምች የሚሞት ፈረስ አለ፤ ዘይቱን ማንም አይጠረጥርም። በአፍ በግድ ማጠጣትም ያው ነው።

ቁርጠት ሲይዘው መኖውን ሁሉ አንሳ። ዘና ብሎ ቀስ እያለ ይራመድ፤ አታስሩጠው። ለሐኪም ወዲያው ደውል። ቁርጠቱ ግማሽ ሰዓት ካለፈ፣ እየተንከባለለ ከሆነ፣ በላብ ከተጠመቀ፣ ፋንድያ ካልጣለ ወይም ድዱ ከጠቆረ ጉዳዩ የቤት አይደለም። በድንገት ጎተራ ገብቶ ብዙ እህል ከበላ ደግሞ ቁርጠት እስኪመጣ አትጠብቅ፤ ያኔውኑ ሐኪም ጥራ። ቀጥለው ባሉት ሦስት ቀናት ኮቴውን እየዳሰስክ ሙቀቱን እይ። ፊት እግሮቹን ወደፊት ዘርግቶ ወደኋላ ከተደገፈ፣ መዞርም ከፈራ፣ ብግነቱ ጀምሯል። ይህ ቸል ከተባለ ፈረሱ ለሁልጊዜ ያነክሳል።

ቀለቡ ይህን ይመስላል። ፈረስህ 220 ኪሎ ገደማ ይሆናል ብዬ ልገምት፤ የደጋ ፈረስ ብዙውን ጊዜ እዚያ አካባቢ ነው። በቀን ቢያንስ 4 ኪሎ ተኩል ድርቆሽና ጭድ ይፈልጋል፤ ግማሹ ድርቆሽ ቢሆን ጥሩ ነው። ሙሉ ቀን የሚያኝከው ነገር ይኑረው። ገብስ በአንድ ጊዜ ከ400 ግራም አይበልጥ። ከዚያ በላይ ያለው ስታርች፣ ማለትም የእህሉ ዱቄት፣ ሳይፈጭ ወደ ኋላ ያልፋል። ሥራ የሚበዛበት ቀን ከሆነ ሦስት ጊዜ ከፋፍለህ ስጠው እንጂ የአንዱን ጊዜ አታሳድግ። ገብሱ ይሸርከት ወይም ይቀቀል፤ ጥሬ ፍሬው በፋንድያው ውስጥ ተመልሶ ይወጣል። ንፍሮው ያላደረ ይሁን። ፍሩሽካ በቀን ከግማሽ ኪሎ አይለፍ። ጨው ይኑረው። ጭዱን አኝኮ እንደ ቡሽ እያድበለበለ የሚጥል ከሆነ ችግሩ መኖው ሳይሆን ጥርሱ ነው፤ የሾለውን ሐኪም ይሞርድለት።

ባዝራዋ ከፈረሱ በላይ ትበላለች። እያጠባች ነው። ውሃዋ እጥፍ ነው። ድርቆሹ ለእሷ ይቅደም፤ የተቀቀለ ባቄላ ከገብሱ ጋር ጨምርላት። ውርንጭላው ሦስት ወር ስለሆነው ወተቱ ብቻ አይበቃውም። ከ300 እስከ 400 ግራም የገብስ ሽርክትና የተቀቀለ ባቄላ በቀን ሁለት ጊዜ ከፍለህ ስጠው፤ ባቄላው ጡንቻ ለመገንባት የሚያስፈልገውን ፕሮቲን ይዟል። የእናቱን ፋንድያ ሲበላ ካየህ አትምታው። የማቦኪያ ተህዋስያኑን የሚያገኘው ከእሷ ነው፤ ዕድሜው ሲገፋ ይተዋል። በስድስት ወሩ ከአዋቂ ቁመቱ ከአምስት እጅ አራቱን ይደርሳል። ስለዚህ አሁን የተራበውን በሁለት ዓመቱ አትክሰውም። በሌላ በኩል እህል አብዝተህ አታጣድፈው፤ ክብደቱ አጥንቱን ከቀደመው መገጣጠሚያው ይበላሻል። ቢያንስ ሦስት ዓመት ሳይሞላው ኮርቻ አይጫንበት።

ጥቂት አደገኛ ነገሮችን ላክል። ጤዛ ያለበት ማገጥ (ባለ ሦስት ቅጠሉ የደጋ ሣር) ላይ ጠቦቶቹን በባዶ ሆዳቸው አትልቀቅ፤ ሆዳቸው በአረፋ ይነፋል። ጭድ ቀምሰው፣ ጤዛው ከረገፈ በኋላ ይሂዱ። ጓያ ለፈረስ አትስጥ። በወሎ በክፉ ቀን ጓያ የሰው እግር ላይ ያደረሰውን የማያውቅ የለም፤ ፈረስም ይሽመደመዳል፣ ትንፋሹም ያፏጫል። የዶሮ መኖ ትራፊ ለማንም አይሁን። አንዳንዱ ውስጥ ያለው የኮክሲዲያ (የዶሮ አንጀት በሽታ) መከላከያ መድኃኒት ፈረስን በትንሽ መጠን ይገድላል። በዶሮ መኖ ያለው መዳብ ደግሞ የበግ ጉበት ላይ እየተጠራቀመ ቆይቶ በድንገት ይጥለዋል። ለከብት ማድለቢያ ተብሎ የሚሸጥ መኖም ሞኔንሲን የሚባል መድኃኒት ሊኖረው ስለሚችል ለፈረስ አይሰጥ። ሻጩን ጠይቅ፤ ካላወቀ አትግዛ።

ገበያው ላይ ቁርጥ ያለ ምክሬ ይህ ነው። ዘጠኙን ለፋሲካ አትሽጥ። ፋሲካ ላይ ገበያ መውጣት ካለብህ አሁን 18 እና 20 ኪሎ የሆኑ፣ አጥንታቸው ያደገ ግን የከሱ ወንድ በጎችን ጥቂት ገዝተህ አደልብ፤ ቀለቡን ቶሎ የሚመልሱት እነሱ ናቸው። ጠቦቶችህን በአዲሱ ቀለብ አቆይ። በቀን 80 ግራም ቢጨምሩ እንኳ በመቶ ቀን 20 ኪሎ ይሆናሉ። አረፋ ከፋሲካ በኋላ በሚውልበት ዓመት ደህና ደህናዎቹን ለአረፋ ታወጣለህ፤ ግን ለአረፋ ዕድሜም ጉድለትም ይታያል፣ ስለዚህ ገዢው የሚፈልገውን ቀድመህ እወቅ። የቀሩት በዚያው ቀለብ ለእንቁጣጣሽ 25 ኪሎን ያልፋሉ። የወሎ በግ የቦንጋ በግ አይሆንም፤ ፋጉሎ ዘር አይቀይርም።

በየሁለት ሳምንቱ መዝናቸው። ጠዋት፣ ሳይበሉና ሳይጠጡ ይሁን፤ የሆድ ይዞታ ብቻ አንድና ሁለት ኪሎ ያሳስትሃል። ትሉ ታክሞ፣ ቅልቅሉ 300 ግራም ደርሶ፣ ከዚያ በኋላ በአንድ ወር ውስጥ ከ2 ኪሎ በታች የጨመረ ጠቦት ካለ መኖ አትጨምርለት። ትኩስ በጠጡን በንጹሕ ላስቲክ ይዘህ ወደ ክሊኒኩ ሂድ። እነሱ ካልቻሉ ኮምቦልቻ ወዳለው የእንስሳት ጤና ላቦራቶሪ ይልኩልሃል።